ሳይጠጡ አብሮ መቀመጥ

በሰሜን ሸዋ በእንሳሮ ወረዳ በለሚ ከተማ ተወልጄ ያደግሁ፣ እናቴም ጠላ ጠምቃ በሸጠችው ገንዘብ ደብተርና ጫማ እየገዛችልኝ የተማርሁ ሰው ነኝ። እኔ ግን የሚያሰክር መጠጥ አልጠጣም። እነዚህ ሁለት ነገሮች እንዴት አብረው ሊሄዱ እንደቻሉ ብዙ ወጣቶች ጠይቀውኛልና የማውቀውን ያህል ለመግለጽ እሞክራለሁ። ወጣት አንባቢ ሆይ፤ መጠጥ አለመጠጣት ለብቻው የሆነ እንደሆነ ቀላል ነገር ነው፤ በሩን ዘግቶ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ሊያደርገው ይችላል። የሚከብደው ሳይጠጡ የማኅበር አባል፣ የሠርግ ታዳሚ፣ የጎረቤት አለኝታ ሆኖ መኖር ነው።

በመጀመሪያ ስለ ጠላው ልናገር። ጠላን የስንፍና ፍሬ አድርገው የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ፤ እኔ የማውቀው ግን እንደ ሥራ ነው። ገብሱ ተዘፍዝፎ በቅሎ ብቅል ይሆናል፤ ጌሾው ደርቆ ይወቀጣል፤ ጋኑ ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ ጥንስሱ ከተጠነሰሰ በኋላ አሻሮው ተቆልቶ ተፈጭቶ ይጨመራል፤ ድፍድፉም ጊዜውን እስኪያገኝ ድረስ እንደ ሕፃን ይጠበቃል። ለዚህ ሁሉ እናቴ ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት ትነሣ ነበር። በደጃችን በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ አንድ ጣሳ ተደፍቶ ተሰቅሎ ነበር፤ በአገራችን ይህን ያየ መንገደኛ ሁሉ እዚህ ቤት ጠላ መኖሩን ያለ ጽሕፈት ያነበዋል።

በገበያ ቀን ከጀማ ሸለቆ አቀበቱን ወጥተው የሚመጡ ገበሬዎች አህዮቻቸውን ከደጅ አስረው ይገቡ ነበር። ቀጂው እኔ ነበርሁ። ቀጂ የሚያየውን ጠጪ አያየውም። አንዳንዱ ሰው ጥሙን ቆርጦ፣ ሁለት ቃል ተጫውቶ፣ ዋጋውን ከፍሎ ይሄዳል፤ እንደዚህ ያለው በቁጥር ብዙ ነበርና እውነቱን መሸሸግ አልፈልግም። ሌላው ግን በመጀመሪያው ጣሳ ወሬ፣ በሁለተኛው ሳቅ፣ ከአራተኛው በኋላ የድንበር ነገር፣ የውርስ ነገር፣ የአባቱን ቂም ይዞ ይነሣል። የሸጠውን በግ ዋጋ ሳይቆጥር የሚወጣ ሰው ሲኖር እናቴ መቀነቱን አስፈትሻ ገንዘቡን ቆጥራ መልሳ ታስርለት ነበር። እርሷ ራሷ በሽያጭ ቀን አንዲት ጉንጭ እንኳ አትቀምስም፤ «የምሸጠውን ከጠጣሁ ሒሳቡን ማን ይይዘዋል?» ትል ነበር። ስለ መጠጥ የሰማሁት የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነው፤ የመጣውም ከጠማቂዋ ነው።

አለመጠጣትን የመረጥሁት ግን በአጎቴ ምክንያት ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም የታወቀ አራሽ ነበር፤ እርፉን ሲይዝ ትልሙ እንደ ገመድ ይቀና ነበር። ብዙ ዘመን ጠላ ብቻ ጠጣ፤ ኋላ አረቄ ለመደ። ሲጀምር ብርድ መከላከያ ነው ይል ነበር፤ ቀጥሎ ጧት ጧት እጁ ሳይቀምስ የማይረጋ ሆነ። አንዱን በሬ ሸጠ፤ ሁለተኛውንም ደገመ፤ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠ። ከዚያ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ሆዱ ውኃ ቋጠረ፣ እግሩ አበጠ፤ በ41 ዓመቱም ሞተ። በአርባኛው ቀን ለተዝካሩ ጠላና አረቄ ተዘጋጅቶ ሰው ሁሉ በእርሱ ስም እያዘነ ጠጣ። እኔ የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁና በዚያ ቀን ስቀዳ ዋልሁ። ማንም ሳያስምለኝ፣ ማንም ሳይመክረኝ፣ ይህን ነገር ወደ አፌ አላገባውም ብዬ በልቤ ቆረጥሁ።

ሐኪሞች በዚህ ነገር ላይ የሚሉትን ወጣቱ ማወቅ ይገባዋል። የመጠጥ ኃይሉ በውስጡ ያለው አልኮል ነው። ቢራ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ አምስት እጅ ያህል አልኮል አለው፤ ጠላ ከመቶ ከሁለት እስከ ስድስት ይደርሳል፤ ጠጅ እንደ አጣጣሉ ዐሥር ከመቶና ከዚያም ሊያልፍ ይችላል፤ ተራ አረቄ ወደ ሠላሳ አምስት፣ ዳግም አረቄ ወደ አርባ አምስት ከመቶ ይጠጋል። ይህን ሁሉ የሚያጣራው ጉበት ነው፤ ጉበትም የሚሠራው በራሱ እርምጃ ነው። ቡና ቢጠጡበት፣ ቀዝቃዛ ውኃ ቢታጠቡበት አይፋጠንም። አልኮሉ ሲለወጥ በመካከሉ የሚፈጠረው ነገር ሰውነትን የሚጎዳ መርዝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የአልኮል መጠጥን ካንሰር ያስከትላሉ ተብለው ከተረጋገጡት ነገሮች ተራ ያስገባው በ1988 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ከነዚህም የጉሮሮ፣ የጉበትና የጡት ካንሰር ይገኙበታል። ድርጅቱ በ2023 መጀመሪያ ላይ ለጤና ምንም የማያሠጋ ተብሎ ሊወሰን የሚችል የመጠጥ ልክ እንደሌለ በይፋ አስታወቀ። በተጨማሪም ጠጥቶ የተኛ ሰው ቶሎ ይተኛል እንጂ እንቅልፉ ተቆራርጦ ስለሚያድር ጧት የሚነሣው ደክሞ ነው።

ይህን ሁሉ ማወቅ ግን በሰው ፊት ጣሳ ሲቀርብልህ ምን እንደምትል አያስተምርህም። በእኛ አገር የቀረበ ጣሳ መጠጥ ብቻ አይደለምና። ደቦ የወጣ ሰው ድካሙ የሚመሰገነው በጠላ ነው፤ የታረቁ ባላንጣዎች አብረው ይጠጣሉ፤ ማኅበርተኛ ተራው ሲደርስ ጋኑን ይከፍታል፤ ሐዘንተኛ ቤት የመጣ ሰው እንኳ ደረቅ አፉን አይሄድም። እንግዲህ ጣሳውን የመለሰ ሰው ምስጋናውን፣ እርቁን፣ ወንድማማችነቱን የመለሰ ይመስላል። አሳላፊው «በሞቴ!» ይላል፤ «አፈር ስሆን!» ይላል። የሚለምንህ በገዛ ሞቱ ሲሆን እንቢ ማለት የድንጋይ ልብ ይጠይቃል።

ለእኔ ከሁሉ የከበደው የእናቴ ጣሳ ነበር። በገና ዕለት ለቤተ ሰብ ብላ ለብቻው የጠመቀችውን፣ ማለፊያውን ጠላ ቀድታ ሰጠችኝ። እኔም አልጠጣም አልኋት። ዝም ብላ አየችኝና «እጄን ናቅኸው?» አለችኝ። «ያሳደገህን፣ ያስተማረህን ጠላ ዛሬ ጸያፍ ነው አልኸው?» ይህን ጥያቄ ከማንም ሰው ብሰማው መልስ አላጣም ነበር። «እማዬ፣ እጅሽን አልናቅሁም፤ በወንድምሽ ሞት ቆርጫለሁ» አልኋት። እርሷም ምንም ሳትመልስ ጣሳውን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ያን ቀንም እስኪመሽ አላነጋገረችኝም።

እንዲህ ያለው ቅሬታ በክርክር አይፈታም። እኔም ስለ ጉበት አላስተማርኋትም፤ ምን ብዬ? ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት በሌለ ጊዜ ማልጄ እየተነሣሁ ጌሾውን እወቅጥላት ጀመር፤ ውኃውን እቀዳለሁ፤ ጋኑን አጥባለሁ፤ ወይራውን እቆርጣለሁ። ከመንፈቅ በላይ እንዲህ ሆነ። አንድ ቀን ገብስ ስትቆላ ከአሻሮው ጥቂቱን ለብቻው አስቀርታ ፈጨችና በውኃ በጥብጣ፣ ማር ጠብ አድርጋበት ሰጠችኝ። «በሶ ነው፤ ይህንስ ትጠጣለህ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ዓመት በዓል ሲመጣ ከጠላው ጋን አጠገብ የእኔ የበሶ ዕቃ አይጠፋም ነበር። እንግዳ «ልጅሽ ለምን አይጠጣም?» ብሎ የጠየቃት እንደሆነ እርሷው ራሷ ትመልስልኛለች።

ከዚህ የተማርሁት፣ ሰው የሚያዝነው መጠጡን ስላልጠጣህ ሳይሆን እርሱን የገፋኸው ስለሚመስለው መሆኑን ነው። ስለዚህ የማይጠጣ ሰው ከሚጠጣው ይልቅ አብልጦ መቅረብ አለበት። ደቦ ሲጠራ ከሁሉ ቀድሞ ይምጣ፤ የአጨዳውን ትልም ከሌላው እኩል ይጨርስ፤ ለሠርግ ዳስ ሲተከል እንጨቱን ይሸከም፤ ሐዘን ቤት ሲሆን ድንኳኑን ይትከል። በማይጠጣ ሰው ላይ የሚነሡት ክሶች ሁለት ናቸው፤ ስስትና ትዕቢት። «ተራው እንዳይደርሰው ነው የማይጠጣው» ይሉታል፤ «ከእኛ በላይ ሆኖ ነው» ይሉታል። ሁለቱንም አፍ የሚያዘጋ ሥራና ልግስና ነው። እኔ ከወዳጆቼ ጋር ስቀመጥ የምግቡን ሒሳብ ከሁሉ ቀድሜ እከፍላለሁ፤ የሰው ጣሳ ግን አልቆጥርም፤ የሚጠጣውንም ሰው በዓይኔ አልመዝንም። የሰውን ጣሳ የሚቆጥር ትጉህ ከሰካራም ይልቅ የሚሰለች ፍጥረት ነው።

ስለ ምክንያት አሰጣጥም ጥቂት ልበል። ድሮ ኮሶ የጠጣ ሰው በዚያ ቀን ከማንም ጋር እንዳይገናኝ ይቅርታ ይደረግለት ነበርና ከእንግዳ መሸሽ የፈለገ ባላባት ሁሉ «ኮሶ ጠጥተዋል» ይባልለት ነበር ይባላል። የዛሬ ወጣት ደግሞ «መድኃኒት እየወሰድሁ ነው» ይላል። ይህ ለአንድ ቀን ይሠራል፤ በሁለተኛው ወር ግን «ይህ መድኃኒት አያልቅም ወይ?» ይባላል፤ ወይም ታሟል ተብሎ በአገር ይወራል። «የንስሐ አባቴ ገዝተውኛል» የሚል ደግሞ አለ፤ እውነት የሆነ እንደሆነ ማንም የማይጥሰው ጽኑ አጥር ነው፤ ሐሰት የሆነ እንደሆነ ግን በግዝት መቀለድ ነውና አልመክርም። እኔ የሚሻለኝ ሆኖ ያገኘሁት እውነቱን ማስቀደም ነው። ወደ ግብዣ ቤት ስገባ፣ ሰው ተቀምጦ ጣሳ መዞር ከመጀመሩ በፊት፣ የቤቱን ወይዘሮ ለብቻቸው ሰላም ብዬ «እመቤቴ፣ እኔ የሚያሰክር አልጠጣም፤ ውኃ ወይም ቡና የሰጡኝ እንደሆነ እጅዎን እባርካለሁ» እላቸዋለሁ። በሰው መካከል የተመለሰ ጣሳ ባለቤትን ያሳፍራል፤ በጓዳ አስቀድሞ የተነገረ ነገር ግን ምሥጢር ይሆናልና ወይዘሮዋ ራሳቸው ጠባቂህ ይሆናሉ። አሳላፊው «በሞቴ» እያለ ሲመጣ «ተወው፣ የእርሱን እኔ አውቃለሁ» ይሉታል።

እንዲያውም ባህላችን ለማይጠጣ ሰው ቦታ የሌለው አይደለም። ከአንኮበር ግርጌ ባለችው በአልዩ አምባና በአካባቢዋ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ከጥንት ጀምሮ ጎረቤት ሆኖ ኖሯል። ክርስቲያኑ ልጁን ሲድር ሙስሊም ጎረቤቱን ሳይጠራ አይቀርም፤ ሲጠራውም ማዕዱን ለብቻ ያዘጋጅለታል፤ በጠጁ ፈንታ ብርዝ ይበረዝለታል። ማር በውኃ ተበጥብጦ ሳያድር የሚጠጣ ማለት ነው። «ጠጅ ስላልጠጣህ ንቀኸኛል» የሚለው የለም። ለሃይማኖቱ ሲል የማይጠጣውን እንዲህ ማክበር የሚያውቅ ሕዝብ ለጤናው፣ ለትዳሩ ወይም ለአጎቱ ሲል የማይጠጣውንም ማክበር አያቅተውም፤ ማስለመድ ብቻ ይፈልጋል። ቅቤ ከማይበላበት ወቅት የሱፍ ውኃ፣ ተልባ፣ አብሽ የሚቀርብበት ቤት ብዙ ነው። ገብስን አጥቁሮ ቆልቶ፣ አፍልቶ፣ ስኳርና ጥቂት እርሾ ጨምሮ የሚሠራው ቀሪቦም አለ፤ ነገር ግን እርሾ ያለበት ሁሉ በቆየ መጠን አልኮል ያበጃልና ማደር የለበትም። ብርዝም እንደዚሁ ነው፤ ቀን የተረሳ ብርዝ ጠጅ ለመሆን መንገድ ጀምሯል።

የማኅበር ተራዬ በደረሰ ጊዜ በቤቴ ክርክር ሆነ። ባለቤቴ «እኛ ባንጠጣም ለማኅበርተኛው ጠላ ሳንጠምቅ ቀርተን በምን ፊታችን እናያቸዋለን?» አለች፤ እኔ ደግሞ በእጄ የማልቀምሰውን ለሌላው መቅዳት ከበደኝ። በመጨረሻ ጠላው እንዲኖር፣ ግን ቀለል ያለው ቅራሪ እንዲሆን፣ አረቄ ፈጽሞ እንዳይገባ፣ ብርዙም በብዛት እንዲዘጋጅ ተስማማን። በዕድሜ የገፉ አንድ ሽማግሌ ቅራሪውን ቀምሰው «ልጄ፣ ይህ ጠላ ነው ወይስ የጠላ ወሬ?» አሉኝ። ቤቱ ሁሉ ሣቀ፤ እኔም ሣቅሁ። እኚያው ሽማግሌ ግን ያን ቀን ሦስት ብርሌ ብርዝ ጠጥተው የራሳቸውን ዱላ ራሳቸው ይዘው ማታ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ይህ አሠራር ለሁሉ ልክ ነው አልልም፤ ጠላን ከቤቱ ፈጽሞ ያስወጣ ወዳጅም አለኝ፤ ማኅበሩ አልፈረሰበትም።

አሁን ለወጣቱ ፈተናው የተለወጠ ይመስለኛል። በአባቶቻችን ጊዜ መጠጥ የሚጠመቀው በዓልና ሥራ ሲኖር ነበር፤ ዛሬ ግን ዕለት ዕለት ይገኛል። ሰሜን ሸዋ የገብስ አገር በመሆኑ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በደብረ ብርሃን ከተማ የሐበሻና የዳሽን ቢራ ፋብሪካዎች ተተክለዋል፤ በእኛ በለሚም ትልቁ የሲሚንቶ ፋብሪካ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራ ጀምሯል። ፋብሪካ እንጀራ ነው፤ እጅግ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ከቤተ ሰቡ ርቆ የመጣ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ደመወዙን ተቀብሎ አመሻሹን የሚያሳልፍበት ከቢራ ቤት በቀር ሌላ ስፍራ ያጣ እንደሆነ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ከልክሏል፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅንም አስቀርቷል። መልካም አዋጅ ነው። ሆኖም የተከለከለውን ሰዓት የሚሞላ ሌላ ነገር አዋጅ አይሰጥም።

እኔ ያን ሰዓት የምሞላው በትንንሽ ልማዶች ነው። ማታ በሦስት ሰዓት እተኛለሁ፤ ንጋት ላይ እነሣና ጀማ ወደሚታይበት ገደል አፋፍ እሄዳለሁ። በዚያ ሰዓት ጭላዳዎች ከተኙበት ገደል ወጥተው ሣር ሲነጩ ይታያሉ። ተመልሼ በሶዬን እበላለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ዳኛ ሆኜ እሮጣለሁ፤ ስድባቸውንም እጠግባለሁ። ከወዳጆቼ ጋር ቢራ ቤት የገባሁ እንደሆነ አልኮል የሌለበትን ማልት አዝዤ እቀመጣለሁ፤ ጨዋታው ወደ ተደጋገመ ወሬ ሲዞር ሰላም ብዬ እነሣለሁ። አንድ ነገር ግን ልብ አድርግ፤ መጠጥ ተውሁ ብለው ወደ ጫት የዞሩ አውቃለሁ፤ ያም እንቅልፍንና ገንዘብን በሌላ በር የሚያስወጣ ነውና ዕረፍት አላገኙበትም።

እስካሁን የጻፍሁት ገና ላልተያዘ ሰው ነው። ለተያዘው የምለው ሌላ ነው። አንድ የልጅነት ጓደኛዬ ዐሥር ዓመት ያህል ዕለት ዕለት አረቄ ጠጥቶ ኖሮ፣ ሚስቱ ልጆቿን ይዛ ወደ ወላጆቿ በሄደች ጊዜ በቁርጥ ተወ። በሁለተኛው ቀን እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ላቡ ፈሰሰ፤ በሦስተኛው ሌሊት በግድግዳው ላይ የሌለ ነገር እያየ መጮህ ጀመረ። ጎረቤት ጋኔን ነው አለ። በመኪና ጭነን ሆስፒታል አደረስነው። ሐኪሙም ብዙ ዘመን በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት የተወ እንደሆነ እንዲህ ያለ ሕመም፣ አንዳንዴም የሚጥል በሽታና ሞት ሊደርስበት እንደሚችል፣ ስለዚህም በሐኪም ጥበቃ ሥር ሆኖ በመድኃኒት መተው እንዳለበት ነገረን። በአዲስ አበባም አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል በሱስ የተያዙትን ያክማል። ጠበል የሚሄድም ሰው ይሂድ፤ ከአገራችን ብዙው ወደ ጻድቃኔ ማርያም ይሄዳል፤ ሐኪሙ ያዘዘለትን መድኃኒት ግን አያቋርጥ።

ጓደኛዬ ከሆስፒታል ሲወጣ የፈራው ሕመሙን አልነበረም፤ ምሽቱን ነው። የሚያውቀው ወዳጅ ሁሉ ያለው አረቄ ቤት ነበርና። በ1935 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በአሜሪካ በአክሮን ከተማ አንድ የአክሲዮን ነጋዴና አንድ ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም፣ ሁለቱም በመጠጥ የወደቁ፣ ተገናኝተው እርስ በርሳቸው በመነጋገር ብቻ ሊቆሙ እንደቻሉ አንብቤ ነበር፤ ከዚያ የተነሣው ማኅበር ዛሬ በብዙ አገር አለ። በለሚ እንደዚያ ያለ ማኅበር አላገኘሁም። ስለዚህ እኔና ሌላ ሁለት ሰዎች ተራ ገባንለት፤ አንዳችን በየምሽቱ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ከእርሱ ጋር እንቀመጣለን፤ ቡና ይፈላል፤ ካርታ እንጫወታለን። አንድ ጊዜ በዐቢይ ጾም መጨረሻ ወደቀ፤ በነጋታው ራሱ መጥቶ ነገረንና እንደገና ተነሣ። ሚስቱ ከአምስት ወር በኋላ ተመለሰች። ስትመለስ ግን ዕቃዋን ሁሉ አላመጣችም፤ ግማሹን በወላጆቿ ቤት ተወችው፤ እርሱም እንድታመጣው አልጠየቃትም።

አሁን ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። አንድ ወይፈን ገዝቷል፤ ሁለተኛውን ለመግዛት ለሚቀጥለው መኸር እየጠበቀ ነው። አንዳንድ ጧት ወደ ገደሉ አፋፍ አብረን እንሄዳለን። ስለ መጠጥ አንነጋገርም፤ ወይፈኑ ቀንበር ለመልመድ እንዴት እንዳስቸገረው ያወራኛል።